የ719 ተአምር

ሐኪም ለመሆን ምን ያስፈልጋል? የዋሆች የሚራራ ልብ፣ የማይንቀጠቀጥ እጅ፣ የበሽተኛን ነገር የሚሰማ ጆሮ ይላሉ። ሕንዶች ከዚህ የዋህነት ከወጡ ሰንብተዋል። እዚያ ለሕክምና የሚታጨው ወጣት ከልብና ከሳንባ አስቀድሞ የሚሸመድደው የነጥብ አሰጣጡን ሕግ ነው። ላገኘ አራት ይደመራል፣ ለሳተ አንድ ይቀነሳል፣ ለዘለለ ባዶ። ፈተናው ኒት ይባላል፤ ከ720 የሚታረም 180 ጥያቄ አለው፤ በ2024 እ.ኤ.አ. 2.3 ሚሊዮን ያህል ሰው የተቀመጠበት፣ የሚጠብቀው ወንበር ግን ከ100 ሺህ ጥቂት ብቻ ከፍ የሚል።

ራጃስታን ውስጥ ያለችው የኮታ ከተማ ከየክፍለ ሀገሩ ለሚመጡ ልጆች ቤት እያከራየችና እነሱኑ እያስጠናች ትኖራለች። ሕጉ እንደ ዳዊት በሚደገምባቸው የማስጠኛ ቤቶች የመጀመሪያው ትእዛዝ የታወቀ ነው፦ እርግጠኛ ካልሆንህ ክቧን አታጥቁር፣ ትቀጣለህ።

ቅጣቱን እንየው እስቲ። አራት ምርጫ ያለውን ጥያቄ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያጠቁር ሰው በአማካይ ከአራት አንዱን ያገኛል፣ ሦስቱን ይስታል። አራት ተቀብሎ ሦስት ይከፍላል፤ አንድ ነጥብ አተረፈ። መቶ ሰማንያውንም እንዲሁ ቢሞላ 45 ነጥብ ያህል ይዞ ይወጣል። ጥያቄውን ማንበብም አይጠበቅበትም። «አላውቅም» ብሎ ወረቀቱን ባዶ የመለሰው ሐቀኛ ደግሞ ዜሮውን ታቅፎ ይሄዳል። ተቀናሹ ግምትን ለመከላከል ነው ይሉናል። ለዚያ ቢሆን አንድ ከሲሶ ይቀነስ ነበር፤ ይህን ለማስላት ሊቅ መሆን አያሻም። እኔ ግን ሕጉን ያወጡት ሰዎች ተሳስተዋል ብዬ አላምንም። አርቀው አስበው ነው። ነገ ሕመሙ ያልገባው ሐኪም «አላውቅም፣ ወደሚያውቅ ልላክህ» ብሎ እንዳያፍር፣ ጨፍኖ አንዱን መድኃኒት እንዲያዝ ከወዲሁ እያለማመዱት ነው።

ወደ ተአምሩ እንለፍ። በ2024 ፈተናው የተሰጠው እኛ ፋሲካን በምናከብርበት ዕለት ነበር፤ ውጤቱ የወጣው ደግሞ ጁን 4፣ አገሩ ሁሉ የምርጫ ቆጠራው ላይ ባፈጠጠበት ቀን። ስልሳ ሰባት ተፈታኞች 720 ከ720 አመጡ። ይሁን፣ ጎበዝ አይጠፋም። ግን 718 እና 719 ያመጡም ተገኙ። ሁሉንም ያገኘ 720 ነው፤ አንዷን የዘለለ 716፤ አንዷን የሳተ 715። በ716 እና በ720 መካከል ሰው ሊቆምበት የሚችል አንዲት ነጥብ የለችም። ይህን ማንኛውም የኮታ ልጅ በእንቅልፍ ልቡ ይነግርሃል። እኛን በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሒሳብ ያስተማሩን ሕንዳውያን መምህራን ያን ቀን ይህን ቢሰሙ ጠመኔያቸውን በማን ላይ ይወረውሩ እንደነበር መገመት አያቅትም።

ብሔራዊ የፈተና ኤጀንሲው ምስጢሩን ገለጠ። በአንዳንድ የፈተና ጣቢያዎች ሰዓት ስለባከነ ለ1,563 ተፈታኞች ማካካሻ ነጥብ ተሰጥቷል አለ። ስሌቱ የተቀዳውም በ2018 ስለ ሕግ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና ከተሰጠ የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ሰዓት ለባከነበት ነጥብ፣ ለሐኪም የጠበቃ ሒሳብ! ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ማካካሻው ተሰረዘና ድጋሚ ፈተና ተፈቀደላቸው። የተቀመጡት 813 ብቻ ናቸው።

ሁለተኛው ተአምር በአንዲት የፊዚክስ ጥያቄ ላይ ወረደ። ስለ አቶም የምትጠይቅ ናት፤ አዲሱ መማሪያ መጽሐፍ አንድ መልስ ይላል፣ አሮጌው እትም ሌላ። ኤጀንሲው ማንንም ማስቀየም አልፈለገምና ሁለቱንም ትክክል አለ። ከስልሳ ሰባቱ ባለሙሉ ነጥብ አርባ አራቱ በዚህ ቸርነት የተገኙ ናቸው። ፍርድ ቤቱ ግን ዳኝነት ለፊዚክስ ሰዎች ይሁን ብሎ የዴልሂውን የቴክኖሎጂ ተቋም ሦስት ባለሙያዎች እንዲሰይም አዘዘው። ባለሙያዎቹም አቶም ሁለት ሐሳብ የለውም አሉ። ወዲያው ከ400 ሺህ የሚበልጡ ተፈታኞች አምስት አምስት ነጥብ ተነጠቁ፦ አራቱ የተሰጣቸው፣ አንዱ ቅጣት። ቅጣቱ በአሮጌ መጽሐፍ ማመናቸው ነው፤ መጽሐፉንም ያሳተመው የመንግሥት ተቋም ነው። ስልሳ ሰባቱም ድጋሚ ፈተናውን ጨምሮ ተበጥረው አሥራ ሰባት ቀሩ።

ሕጉን ጠንቅቆ ማወቅ ከተፈታኙ እንጂ ከፈታኙ እንደማይጠበቅ ከዚህ ወዲያ የሚጠራጠር ካለ አንድ ነገር ልጨምርለት። ተመራቂ ሐኪሞች ለስፔሻሊቲ የሚፈተኑት ሌላ ኒት አለ፤ እዚያም አራት ይደመራል፣ አንድ ይቀነሳል። በ2023 ወንበሮች ጦም እንዳያድሩ መቁረጫው እስከ ዜሮ ፐርሰንታይል ወረደ፤ ፈተናው ላይ የተቀመጠ ሁሉ፣ ውራው ሳይቀር፣ ለምደባ ብቁ ሆነ ማለት ነው። ነጥቡ ከዜሮ በታች የወረደው ሐኪምም ብቁ ተባለ። አንዷንም ጥያቄ ሳይመልስ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ የበለጠ ያመጣ ነበር።