በሻማ የዘመተው ጄኔራል

እኔ ጄኔራል ነኝ። የሾመኝ ጌም ቦይ አድቫንስ የሚባል፣ ጠርዙ የተፋፋቀ አሮጌ የእጅ መጫወቻ ነው። ውስጡ ያለው ጨዋታ አድቫንስ ዋርስ ይባላል። የጃፓን ሥራ ነው፤ ሰሜን አሜሪካ ገበያ ላይ የዋለው ግን በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜ 5 ቀን 1993 ነበር። በማግስቱ፣ እኛ እንቁጣጣሽ ስንል፣ ኒውዮርክ ላይ የሆነውን ታውቃላችሁ። ጃፓኖቹ ራሳቸው የገዛ ጨዋታቸውን እስኪያገኙ ሦስት ዓመት ጠበቁ። ታድሶ ሊወጣ ሲልም ዩክሬን ላይ ጦርነት ተነሣና እ.ኤ.አ. ከ2022 ወደ 2023 ተገፋ። እንዲህ ያለ ገደ ቢስ ጨዋታ አላየሁም።

ውጊያው ተራ በተራ ነው፤ እኔ አዝዤ ስጨርስ ማሽኑ ያዛል። ታንክ 7000፣ እግረኛ 1000 ይገዛል። ታዲያ ያ ሁሉ የወጣበት ታንክ ከተማ መያዝ አይችልም! ደጃፍ ቆሞ ያጓራል እንጂ፣ የሚገባው በእግሩ የመጣው ወታደር ነው፤ እሱም ሁለት ቀን ፈጅቶ፣ ከቆሰለ ከዚያም በላይ። የተያዘ ከተማ በቀን 1000 ያስገባል። በዚህ ስሌት እኔ የአሥራ አምስት ከተማ ጌታ ነኝ፤ የቤት ኪራይ ግን በየወሩ እከፍላለሁ። ነዳጅም ቢሆን፣ ብረት ለበሱን መኪና አጠገብ ማቆም ነው፣ በነፃ ይሞላል። ባለቤቴ «ጄኔራል፣ ቡታጋዙ አልቋል» ስትለኝ ይህን ላስረዳት ሞክሬ ነበር። አልገባትም።

የዚህ ዕቃ ጣጣው ሁለት የባትሪ ድንጋይ እየበላ ስክሪኑ አለማብራቱ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር የምዘምተው በሻማ ነው። ጨዋታው የጠላትን ጦር በጭጋግ የሚሸፍንበት ምዕራፍ አለው፤ እኔ ዘንድ ጭጋጉ የራሴንም ጦር ይጨምራል። አንድ ጊዜ ሻማው ቅንድቤን ለብልቦኝ መድፍ ያለ አጃቢ ልኬያለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ሌሊት የጠላት ዋና ሠፈር ልትያዝ አንድ ቀን ሲቀራት አረንጓዴዋ መብራት ቀላች። ጦርነቱን አስቀምጬ አጠፋሁና ለስንቅ ወጣሁ። አንዱን ድንጋይ ከሪሞቱ፣ ሁለተኛውን ከግድግዳው ሰዓት ማረክሁ። ሠፈሯን ያዝኩ፤ ባንዲራዬ ተሰቀለ፤ ተኛሁ።

ጠዋት ባለቤቴ ቀና ብላ ሰዓቱን አየች፤ ተመልሳ ተኛች። ቆይታ ደግማ አየች፤ ያው ነው። ሦስተኛ ጊዜ እኔን አየች።

«የጠላትን ዋና ሠፈር ይዣለሁ» አልኳት።

«የልጆቹ ሰርቪስ ሄዷል» አለችኝ።