«ከባድ ቃል»፦ አመጣጡ፣ አያያዙና አጠፋፉ

ከባድ ቃል ማለት፣ በዚህ ጥናት አገባብ፣ ቀላል አቻ እያለው ለአይኤልትስ ወይም ለቶፍል ፈተና ሲባል ብቻ የሚሸመደድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። መገኛው ቀድሞ የአዲስ አበባ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ነበሩ፤ ኋላ ወደ ቴሌግራም ፈልሷል። አያያዙ ግን አልተለወጠም፦ በደብተር ገጽ መካከል ቀጥ ያለ መስመር ይሰመርና በግራ ቃሉ፣ በቀኝ አንዲት የአማርኛ ፍቺ ትሰፍራለች፤ ሸምዳጁም በታክሲ ሰልፍ ላይ ቀኙን በመዳፉ ሸፍኖ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ፣ ከሩቅ የሚያየው ሰው ዳዊት የሚደግም ይመስለዋል።

የቃሉ ክብደት የሚለካው በርዝመቱና በሰሚው አለማወቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው መለኪያ ይበልጣል። በዚህ ረገድ ልማዱ አገር በቀል ነው፤ ለዕድር ስብሰባ መጥሪያ ግዕዝ ጣል የሚያደርግ ጸሐፊ በየሰፈሩ አይታጣም። (ይህ ጥናትም «በዚህ ረገድ» ሲል ንጹሕ አይደለም።)

ሸምዳጁ ከባድ የሆነውን እንጂ ጠቃሚ የሆነውን እንደማይፈልግ በአንድ ማስረጃ ይታወቃል። የኒውዚላንዷ ተመራማሪ አቭሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመችው ጥናት፣ 3.5 ሚሊዮን ያህል ቃላት ካሉት የትምህርት ጽሑፍ ስብስብ ውስጥ በየትምህርት ዘርፉ የሚደጋገሙ 570 የቃል ቤተሰቦችን፣ ማለትም ከአንድ ሥር የሚረቡ ቃላትን፣ ለይታለች። ሸምዳጁ ዝርዝሩን በጉጉት ይከፍትና «ጆብ» እና «ቲም» የሚሉትን ሲያገኝ እንደተታለለ ሰው መልሶ ይዘጋዋል።

የሚመርጠው «ፕሌቶራ»ን ነው። ይህ ከግሪክኛ የመጣ ቃል በጥንቱ ሕክምና ደም በሰውነት ውስጥ ከልክ በላይ የመብዛት ሕመም መጠሪያ የነበረ ሲሆን፣ በደብተሩ ላይ «ብዛት» ተብሎ ይቀመጣል። ፍቺው ባይሳሳትም የቃላት ጉርብትናን፣ ይኸውም የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚውል የሚወስነውን ልማድ፣ አያሳይም፤ በአማርኛ ቡና ይፈላል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ሊጥ ይቦካል፤ «ቡና ጠመቅሁ» ያለ ሰው ሐሳቡ ቢገባም እንግዳነቱ ወዲያው ይታወቃል። ከ11 እስከ 14 ደቂቃ በሚፈጀው የአይኤልትስ የንግግር ፈተና ላይ የት እንደሚኖር የተጠየቀ ተፈታኝም፣ ቃሉ ሳያመልጠው ለማድረስ ስለሚቸኩል፣ «ፕሌቶራ ጎረቤት ባለበት ሕንፃ» ብሎ ይመልሳል። ቃላት ከ4 መመዘኛዎች አንዱ ብቻ መሆናቸውና ነጥቡም ያለቦታው ለገባ ክብደት አለመሰጠቱ በደብተሩ ላይ አልሰፈረም።

አጠፋፉ ብዙ አያነጋግርም። ጀርመናዊው ኤቢንግሃውስ ትርጉም የለሽ ድምፆችን ራሱ እየሸመደደ እ.ኤ.አ. በ1885 እንዳሳተመው፣ መርሳት የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ የፈተናው ውጤት ለ2 ዓመት ያገለግላል፣ ቃሉ ግን ከፈተናው አዳራሽ እስከ ታክሲ ተራ ከደረሰ ዕድሜው ረዝሟል።

ለዚህ ሁሉ አንድ አስቸጋሪ ተቃራኒ ምሳሌ አለ። «ኮንዶሚኒየም» አምስት ክፍለ ድምፅ ያለው፣ ከላቲን የወረደ፣ በሥሩ የጋራ ባለቤትነት ማለት የሆነ፣ በማናቸውም መለኪያ ከባድ ቃል ነው። በ1997 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ምዝገባ ሲጀመር በደብተር የጻፈው፣ በመዳፉ የሸፈነው የለም፤ ሆኖም ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ሳይቀሩ ጉርብትናውን ጠብቀው «ተመዘገብን»፣ «ጠበቅን»፣ «ደረሰን» ይላሉ። ፕሌቶራ ጎረቤት ያለው ተፈታኝም የሚኖረው በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ቃሉን ግን አማርኛ መስሎት «ሕንፃ» ብሎ አለፈው።