ለሰሚው ጆሮ የሚታሰር ተናጋሪ

የጸረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ለኢትዮጵያ አንባቢ ታላቅ ሥልጣን ሰጥቶት ነበር። በአንቀጽ 6 መሠረት፣ አንድ ጽሑፍ ሽብርን በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ የሚያበረታታ ነው ተብሎ ከአንባቢዎቹ በከፊሉ እንኳ ሊወሰድ የሚችል ከሆነ፣ ያሳተመው ሰው ከ10 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀው ነበር፤ ጸሐፊው ምን አስቦ ነበር የሚለውን አሰልቺ ጥያቄ አንቀጹ በደግነት ትቶታል። ሐረጉ የብሪታኒያን የ2006 (እ.ኤ.አ.) የሽብርተኝነት ሕግ የሚመስል ሲሆን፣ እዚያ ግን ተናጋሪው ሆን ብሎ ወይም ለውጤቱ ደንታ ሳይሰጥ መናገሩ መረጋገጥ አለበት፤ የአዲስ አበባ አርቃቂዎች ይህን ትርፍ ሸክም አራግፈውታል። ያችው ብሪታኒያ ሴዲሽን የተባለውን፣ ማለትም ሕዝብን በቃል ወይም በጽሑፍ በመንግሥት ላይ የማነሳሳትን ጥንታዊ ወንጀል በ2009 (እ.ኤ.አ.) ከሕጓ ስትፍቅ፣ ኢትዮጵያ በዚያው ዓመት (በራሷ አቆጣጠር በ2001) አዲስ ካባ ደርባለት ተቀበለችው፤ የተጣለ ማንሳት ነውር የለውምና።

ድንጋጌው ይበልጥ ያምርበት የነበረው እንደ ሰሜን ሸዋው መንዝ ባለ ቀዬ ነው። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዶናልድ ሌቪን መንዝን አጥንቶ በ1965 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ያለው ያለ ነገር አይደለም፤ በቅኔ ሰም ላይ ላዩን የሚሰማው ትርጉም ሲሆን ወርቅ ከሥሩ የተሸሸገው ነው። በአንቀጽ 6 ዓይን በመንዝ ከመሐል ሜዳ እስከ ሞላሌ ያለው አልቃሽ፣ ፎካሪና የቅኔ ተማሪ ሁሉ የተዘዋዋሪ ንግግር ባለሙያ ነበር። ባለቅኔው ሰሙን ያቀርባል፣ ወርቁን መርማሪው ፈልፍሎ ያወጣል፣ እስር ቤት የሚገባው ግን ወርቁን ያወጣው ሳይሆን ሰሙን ያቀረበው ነው፤ የፖሊስ ኮሌጁ የቅኔ መምህር ሳይቀጥር መቅረቱ ብቻ ያስቆጫል።

ካባው ሲወልቅ ከሥሩ ማን እንዳለ ለማየት የዞን 9 ጦማሪያን መዝገብ ይበቃል። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስት ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች ተይዘው በሽብር ሲከሰሱ፣ በኮምፒውተር የሚላላኩትን ምስጢራዊ ለማድረግ መሠልጠናቸው ሳይቀር ክሱ ውስጥ ገባ፤ ደብዳቤውን አሽጎ የሚልክ ሰው ሁሉ ልብ ይበል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የአምስቱ ክስ ምክንያቱ ሳይብራራ ተቋረጠ። በጥቅምት 2008 ዓ.ም. የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የቀሩትን ከሽብር ክስ ነጻ ሲያደርግ፣ ከጦማሪያኑ አንዱ የሆነው በፍቃዱ ኃይሉ ብቻ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 257 አመጽ በማነሳሳት እንዲከላከል በየነ። አንድ ዓመት ተኩል ሽብር ሲፈልግ የኖረው ዐቃቤ ሕግ በእጁ የቀረለት ያው የጥንቱ ማነሳሳት ሆነ።

አዋጅ ቁጥር 652/2001 በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 ተሽሯል፤ አንቀጽ 257 ግን ዛሬም በወንጀል ሕጉ ውስጥ ተቀምጧል።