ስለ «ግን» የተደረገ መጠነኛ ጥናት

የሰዋስው መጻሕፍት «ግን»ን መስተጻምር ይሏታል፤ ዐረፍተ ነገርን ከዐረፍተ ነገር የምታያይዝ ትንሽ ቃል። የመጻሕፍቱ ደራሲዎች የጋራ መኖሪያ ቤት ሊሠራ ነው ተብሎ በተጠራ የቀበሌ ስብሰባ ላይ አልተቀመጡም ማለት ነው። እዚያ ከ«ግን» በፊት የሚነገረው ለቃለ ጉባኤው፣ ከ«ግን» በኋላ የሚነገረው ለግቢው ነው።

የጥናቱ ቦታ በጅማ መንገድ ላይ ያለችው ወልቂጤ ናት። ቀበሌውን አልጠራም፤ ጎረቤቶቼ ናቸው። ዘዴው ከኋላ ረድፍ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጦ ጉርምርምታ ማዳመጥ ነው። መላ ምቱም የታወቀ ነው፦ ሰው ሁሉ ፎቁን ይፈልጋል፤ ጎረቤቱ ግቢ ላይ።

ተናጋሪ ሁሉ «በመጀመሪያ ልማቱን እንደግፋለን» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ እስከ «ግን» ያለው ርቀት ከሰውየው የይዞታ ሁኔታ ጋር እንደሚሄድ ተደርሶበታል። ካርታ በእጁ ያለው ልማቱን ረዘም አድርጎ ይደግፋል፤ የአገሪቱን ዕድገት ያነሳል፣ አመራሩን ያመሰግናል። ሰነድ አልባው ትንፋሹ አጭር ነው። ቤታቸው ከፕላኑ መስመር ውጭ የቀረ አንድ ጎልማሳ ግን (ይቅርታ፣ ቃሏ አጥኚውንም ይዛዋለች) «ልማቱን እንደግፋለን» ብለው በዚያው ተቀመጡ። ብቻቸውን አጨበጨቡ።

አንድ የቋንቋ ችግርም አለ። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 አነጋገር ቦታውን ለሕዝብ ጥቅም የሚለቅ ሰው «ተነሺ» ይባላል። በስብሰባ ደንብ ደግሞ የሚናገር ሰው ይነሳል። ሰብሳቢው «እሺ፣ ማን ይነሳ?» ሲሉ አዳራሹ ጸጥ አለ። አጥኚው ይህን ጸጥታ እንደ ስምምነት መዝግቦት ነበር፤ ቃለ ጉባኤ ያዡም እንዲሁ።

ጸጥታውን የሰበሩት ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ናቸው። ዱላቸውን ተደግፈው ግድግዳው ላይ እስከ ተለጠፈው ሥዕል ድረስ ሄዱና ሦስተኛውን ፎቅ በጣታቸው ነኩ።

«ልጄ፣ ቆጮው የት ይቀበራል?»

«እናቴ፣ ማእድ ቤት አለው» አለ መሐንዲሱ።

«ማእድ ቤቱን መች አልኩህ? ጉድጓዱን ነው እንጂ።»

መሐንዲሱ በብሎኮቹ መካከል ያለውን አረንጓዴ ቀለም አሳያቸው፤ የጋራ አረንጓዴ ቦታ ነው አለ።

«አረንጓዴውማ አሁንም አለ፤ እንሰቴ ነው። ነቅለህ መልሰህ ልትሥለው ነው?»

ለዚህ መልስ የሚሆን በስላይዱ ላይ አልነበረም። አጥኚው በበኩሉ ጥቂት ሒሳብ ሠርቷል። እንሰት ተተክሎ ለመፋቅ እስኪደርስ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። አዲስ አበባ በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ከተመዘገቡት ውስጥ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ገና ዕጣ ይጠብቁ የነበሩ አሉ፤ ያ ዕጣ ወጣ፣ ተሰረዘ፣ በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ። በዚያ ዕድሜ እንሰቱ ሁለት ጊዜ ተፍቆ፣ ተቀብሮ፣ ከክትፎ ጋር ተበልቶ፣ ሦስተኛው ግቢው ውስጥ ይቆም ነበር።

ቀጥለው የተናገሩት አባት ስልካቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጉ። መርካቶ ያለው ልጃቸው ነው፤ እሱ ሳይሰማ አይፈርሙም። ልጁ ስለ ካሳም፣ ስለ ምትክ ቦታም አልጠየቀም።

«ግራውንዱ ለሱቅ ነው?»

«ለመኖሪያ ነው።»

መስመሩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ነው ተባለ።

ታሪካዊውን ክፍል ያቀረቡት አንድ ሐጂ ናቸው፤ ያለ ማስታወሻ፣ ያለ ስላይድ። ጉራጌ የከተማ ፕላንን ቢሮ ሳይከፈትለት ያውቀዋል አሉ። ጀፎረ ምንድን ነው? በመንደሩ መካከል ሰፊ ሣር፣ ግራና ቀኙ ቤት፣ ከቤቱ ጀርባ እንሰት። ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ የፈረስ ግልቢያውም እዚያው ላይ ነው፤ አጥሩን አንድ ክንድ ወደ ጀፎረ የገፋ ሽማግሌ ፊት ይቆማል። አዳራሹ አጨበጨበ። የሐጂ ቆርቆሮ አጥር ባለፈው ክረምት ወደ መንገዱ አንድ ሜትር ተኩል መውጣቱን አጥኚው በጎረቤትነት ያውቃል፤ ከጥናቱ ወሰን ውጭ ስለሆነ አላነሳውም።

ስለ ውሃ አንድ ወጣት ጠየቀ፤ ምድር ላይ ያልደረሰ ውሃ አራተኛ ፎቅ በምን ይወጣል አለ። ወልቂጤ ውስጥ ይህ ጥያቄ እንደ ሰላምታ ስለሚቆጠር ማንም አልመለሰለትም።

ስብሰባው ከመስቀል በኋላ ይቀጥላል ተብሎ ተበተነ፤ ቆጮውም፣ የመርካቶ ልጆችም በመስቀል ይገኛሉና። በጥቅምቱ ስብሰባ ሥዕሉ በአዲስ ተተክቶ ነበር። መስመሩ የእናትየውን እንሰት ትቶ በስተግራ ታጥፏል።

እኚያ ያጨበጨቡት ጎልማሳ እጃቸውን አወጡ። ተነሡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በመጀመሪያ» አሉ፣ «ልማቱን እንደግፋለን።»