ብርድ የለም በተባለበት ከተማ

ባሕር ዳር ብርድ የለም ይባላል። ይህን የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ለገና ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ነው፤ እሱም ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ፣ ሐይቁ ዳር ተቀምጦ፣ የሸሚዙን ቁልፍ ፈታ ፈታ አድርጎ፣ ያዘዘው ዓሣ እስኪጠበስ ድረስ። ወፍራም ጃኬት የለበሰ ባለ ሳይክል በአጠገቡ ሲያልፍ ታዲያ ሳቁ ያመልጠዋል።

«ወንድሜ፣ እዚህ አገር ደግሞ ምን ብርድ አለና ነው?»

ባለ ሳይክሉ ምን ይመልስ! ጃኬቱን የለበሰው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ያን ጊዜ እንግዳው ብርድ ልብስ ውስጥ ነበር። ጥያቄው ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰክቶ ይውላል፤ ማታ ለሚስቱ ይነግራታል፣ በማግስቱም ለማያውቀው ሰው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ሞቃት የሚለው ስም የወጣላት በዚህ ነው፤ ቀን ቀን ስሟን አታሳፍርም። በታኅሣሥና በጥር ግን ሰማዩ ጥርት ስለሚል ምድር ቀን የጠጣችውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ስትለቀው ታድራለች፤ ሊነጋጋ ሲል ሙቀቱ ወደ 10 ዲግሪ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል። እግረኛ ይህን ይችለዋል። ሳይክል ላይ የወጣ ሰው ግን ነፋሱን ራሱ እየፈጠረ ነው የሚሄደው፤ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ያ 10 ዲግሪ ፊቱ ላይ 7 ሆኖ ያርፋል። ከሥራ በፊት ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥቶ ቁልቁል የተለቀቀማ ሒሳቡን ትቶታል። ዓይኑ ያነባል፤ ጆሮው የሌላ ሰው ይሆናል፤ ጣቶቹ ፍሬኑን መያዛቸውን ጎንበስ ብሎ አይቶ ነው የሚያረጋግጠው።

«የጣና ብርድ ነው» የሚሉም አሉ። እዚህ ላይ ለሐይቁ ጠበቃ መቆም የግድ ነው። ውኃ እንደ መሬት ቶሎ አይሞቅም፤ ከሞቀ ደግሞ ቶሎ አይቀዘቅዝም። ሌሊት የብሱ ሲቀዘቅዝ ጣና ሙቀቱን ይዞ ያድራል፤ ስለዚህ ነፋሱ ከየብስ ወደ ውኃ ይነፍሳል፤ ከሰዓት በኋላ ይገለበጥና ከውኃው ወደ ከተማዋ ይመጣል። ጠዋት ባለ ሳይክሉን የሚያንቀጠቅጠው አየር እንግዲህ ከጣና የመጣ አይደለም፤ ወደ ጣና እየሄደ ያለ መንገደኛ ነው። ንጋት ላይ ከውኃው ላይ እንደ ጭስ የሚነሣው ጉምስ? እሱም ምስክር ነው፤ የሚነሣው ውኃው ከአየሩ ስለሚሞቅ ነው። ከዘጌ በኩል እንጨት ጭኖ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፈው ሰው እጁ ሲደነዝዝ ውኃው ውስጥ ቢነክረው ይሻለው ይሆናል። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ግድም የሚሰፋ ሐይቅ ግን እስከ ዛሬ በሌለበት ይፈረድበታል።

ወደ ልብሱ እንመለስ። የአገሩ መልስ ጋቢ ነው። አራት ድርብ ጥጥ፤ ለቅሶ ለተቀመጠ፣ ማኅሌት ቆሞ ላደረ ወደር የለውም። ለሳይክል ግን ጠላት ነው፤ ጫፉ ካቴናውን ይፈልጋል። ኢሳዶራ ደንከን የተባለችው ዝነኛ አሜሪካዊት ዳንሰኛ እ.ኤ.አ. በ1927 ፈረንሳይ፣ ኒስ ከተማ ውስጥ የሞተችው የአንገት ልብሷ በመኪና ጎማ ላይ ተጠምጥሞ ነው፤ ያውም ስስ ሐር። በዚያ ላይ ጥጥ የጠጣውን ላብ ቶሎ አይለቅም። ዳገቱን እያላበ የወጣ ሰው ቁልቁለቱን የሚወርደው እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነው። የመንዝ ሱፍ ቢረጥብም ያሞቃል፤ ግን በርኖስ ለብሶ ፔዳል የሚመታ ሰው እስካሁን አልታየም።

ብልሃቱ መደራረብ ነው፦ ከውስጥ ላብ የማይዝ ስስ፣ ከመሐል ሱፍ፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ። ሦስተኛው ልባሽ ተራ ይገኛል፤ አውሮፓ በረዶ ላይ ሲንሸራተት የኖረ ጃኬት እዚህ በዘንባባ ሥር ጡረታ ይወጣል። ገንዘብ ያጠረውም መላ አያጣም። የቱር ደ ፍራንስ ተወዳዳሪዎች ተራራው ጫፍ ላይ ከተመልካች ጋዜጣ ተቀብለው ደረታቸው ውስጥ እየከተቱ ይወርዱ ነበር። የባሕር ዳሯ ጋዜጣ በኩርም ለዚህ አታንስም፤ ርዕሰ አንቀጹ በልብ በኩል ቢሆን ይመረጣል።

ባለ ሳይክሉ ይህን ሁሉ ተከናንቦ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ጥበቃው «ጋሼ፣ ያንን ወደ አጥሩ ጠጋ ያድርጉልኝ» ይለዋል። «ያንን» የተባለችው ሳይክሏ ናት። መኪኖቹ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ተሰልፈዋል፤ ሳይክል ግን ፀሐይ ላይ፣ አጥር ተደግፋ፣ ለሌባ ታጭታ። ላብ የነካውን ልብስ መቀየሪያ ጥግ የለም፤ ጃኬት መስቀያ አንዲት ሚስማር እንኳ የለችም። በየስብሰባው «ባሕር ዳር የሳይክል ከተማ» እያሉ የሚያጨበጭቡ ሰዎች ለሳይክል አራት ብረት በየግቢያቸው ማስተከል እንዴት ያቅታቸዋል? ሐሰት ነው። ሳይክሉን የሚፈልጉት ለፎቶ ነው፤ የሚነዳውን ሰው አይፈልጉትም!

ጥበቃው በዚህ ሁሉ ጥፋት የለበትም። እሱም የሚመጣው ከአባይ ማዶ በሳይክል ነው፤ ድልድዩ ላይ ያለውን ነፋስ ለመቻል እጁ ላይ ካልሲ ያጠልቃል። በካልሲውና በጣቱ መካከል ፌስታል አለ፤ ጃኬት ከሸጠለት ነጋዴ የተረፈ። ባለ ሳይክሉ በማግስቱ ሞክሮት ጣቶቹ ሞቁ፤ ደወሉን ግን መምታት አቃተውና ባጃጁን በጩኸት አስጠነቀቀ።

ደግሞ 4 ሰዓት ሲሆን ሁሉም ነገር ይገለበጣል፤ ፀሐይዋ ትከሻ ላይ ትቀመጣለች፣ ጃኬቱ ጓዝ ይሆናል። የሚታጠፍ ነገር ይሻል ነበር። ጋቢ ደግሞ ይታጠፋል፤ እንደ ጋቢ የሚታጠፍ ነገር የለም። እናም ጥሩ ልብስ ሰፊ የምታውቁ አንባቢዎች፣ ከወገብ የማያልፍ፣ ጫፉ ካቴና የማይደርስ፣ ደረቱ ላይ ከውስጥ ሸራ የተለበደ ጋቢ የሚሰፋ ሰው ካለ ጠቁሙ። የጥለቱ ነገር አያስጨንቅም።