አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው

ጅግጅጋ መናኸሪያ ስደርስ የቶጎ ውጫሌው ሚኒባስ ረዳት «አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው!» እያለ ይጮኻል። ያ ሰው እኔ ነኝ ብዬ ሮጬ ገባሁ። ቦርሳዬን ጭኔ ላይ ሳላደላድል ረዳቱ ተመልሶ ወረደና «አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው!» አለ። ዞር ብዬ ስቆጥር ሾፌሩን ጨምረን ስድስት ነን።

ይህን አንድ ሰው ስጠብቀው ዓመት አለፈኝ። ሥራዬ በወር ሁለት ሦስቴ ወደ ጠረፍ ያመላልሰኛል፤ ቀብሪ በያህም ልሂድ ሐርትሼክ፣ ሁልጊዜ የሚቀረው እሱ ነው።

ያደግሁት «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» ሲባል ቁም ነገር በሚመስልበት ቤት ስለሆነ ዝም ብሎ መቀመጥ ያሳክከኛል። ስለዚህ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ይዤ መሳፈር ጀመርኩ። በየጥበቃው አሥር ገጽ ባነብ፣ ቀስ በቀስ እጨርሰዋለሁ ብዬ አሰላሁ። ስሌቱ ትክክል ነበር፤ የረሳሁት ጅግጅጋን ነው። እዚህ አጠገብህ የተቀመጠ ሰው «ኢስካ ወራን» ይልሃል። ትርጉሙ «ስለ ራስህ አውራ» ነው፤ እንደኛ «ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለህ የምታመልጠው ሰላምታ አይደለም። ከየት መጣህ፣ ዝናቡ እንዴት ነው፣ ዋጋው እንዴት ነው፣ መንገዱስ? መልሰህ ደግሞ ትጠይቃለህ። በስድስት ወር አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ደረስኩ፤ እሱንም ሁለቴ ስላነበብኩት ነው።

መጽሐፉን ቤት ትቼ ዓይኔን ወደ ታፔላ አዞርኩ። ሶማሊኛ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው፤ ሶማሊያ በጥቅምት 1965 ዓ.ም. ያጸደቀችው አጻጻፍ ዛሬ በዚህ ክልል የትምህርት ቤቱም የቢሮውም ነው። ላቲን ደግሞ አውቃለሁ፤ ምን ያቅተኛል? መጀመሪያ ያገኘሁት «ካኖ ጄል» የሚል በእጅ የተጻፈ ካርቶን ነው። ፀጉሬ መሳሳት ጀምሮ ነበርና ደስ አለኝ።

«እማማ፣ ጄሉ ስንት ነው?»

ሴትየዋ ቢጫ ጄሪካን ብድግ አድርገው «በኩባያ ነው በሊትር?» አሉኝ።

ጄል በሊትር የሚቀባ ከተማ! በኩባያ ይሁንልኝ አልኩ። ነጭ፣ ስስ፣ ጢስ ጢስ የሚሸት ነገር ቀዱልኝና እጄን ወደ ራሴ ስወስድ ሳቃቸው መናኸሪያውን ሞላው። የግመል ወተት ነበር። ሲ የምትባለዋ ፊደል በሶማሊኛ «ዐ» ናት፣ ጂዋም ጠንካራ «ገ»፤ ስለዚህ የሚነበበው «ዓኖ ጌል» ነው። ዓኖ ወተት፣ ጌል ግመል። ከማፈር ብዬ ኩባያውን አንድ ጊዜ ጨለጥኩት። እስከ ውጫሌ ያለው 70 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላልለመደ ሆድ ምን ያህል እንደሚረዝም አልናገርም።

ከዚያ ወዲህ አስተማሪዬ የዚያው መስመር ደንበኛ የሆኑ፣ ከዘራቸውን በሁለት ጉልበታቸው መሀል ተክለው የሚቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። «አዴር» እላቸዋለሁ፤ የአባት ወንድም ማለት ነው። አንድ ቀን በከዘራቸው በመስኮት በኩል የሰዓት ጠጋኙን ታፔላ አሳዩኝና «አንብብ» አሉ።

«ሳ... ሳካድ።»

«ሳዓድ! ከጉሮሮህ አውጣው። ዓ!»

«ኣ።»

«አይደለም። ዓ! እንደታነቀ ሰው።»

ታነቅሁ። ወጣ። ሳዓድ ሰዓት ነው። አራተኛ ክፍል ሳለሁ «ሰአት» ብዬ በመጻፌ «በዐይኑ ዐ ነው!» ተብዬ በማስመሪያ የተመታሁት ትዝ አለኝ። ያኔ ሲነበብ አንድ ከሆነ ሁለት ፊደል ምን ያደርጋል ብዬ በልቤ ተሟግቼ ነበር። እኛ ከግዕዝ ፊደሉን ወርሰን ድምፁን ጣልን፤ እነሱ ድምፁን ጠብቀው ፊደል ከላቲን ፈለጉለት። ኤክስም እንደዚያው ሐመሩ ሐ ናት። የሻይ ቤቱ «ሒሳብ» የሚጀምረው በእሷ ነው፤ አዴር ሲሉት መስተዋት በትንፋሽ የሚጠርጉ ይመስላል። መምህሬን ይቅር ብያቸዋለሁ፤ ማስመሪያውን ግን ገና ነኝ።

በዚህ አኳኋን ከመናኸሪያው በር እስከ ፋርማሲው ያለውን ታፔላ ሁሉ ጨርሻለሁ። መጽሐፉ ግን እስካሁን አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ነው።

ይህችንም የምጽፈው ሚኒባሱ ውስጥ ሆኜ ነው። ስድስት ነን። አዴር ከዘራቸውን ተክለዋል። ውጫሌ የምትሄዱ ካላችሁ ፈጠን በሉ፤ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው።