ከ«አግሪ» በኋላ ምን ይከተላል?

የዚህ ወግ ጸሐፊ ስብሰባ ላይ ብዙ ነገር ይችላል። የዘገየ የሻይ ሰዓት ይችላል፤ ማለቂያ የሌለው የመክፈቻ ንግግርም ይችላል። የማይችለው፣ አንዱ ተነሥቶ «አይ አም አግሪ ባይ ዩር አይዲያ» ሲል ነው። አሶሳ ደግሞ ከዚህ ማምለጫ የለም። ሸርቆሌና ባምባሲ የስደተኛ መጠለያ ስላለ የውጭ ድርጅት አይጠፋም። የውጭ ድርጅት ካለ ወርክሾፕ አለ፤ ወርክሾፕ ካለ የሚስማማ ሰው ሞልቷል።

«አም»ን እንተወው። ጉዱ «ባይ» ነው፤ «በሐሳብህ እስማማለሁ» ካለው «በ» የመጣ። አማርኛ በአንድ «በ» በመኪና ይሄዳል፣ በማታ ይገባል፣ በእግዜር ይምላል። እንግሊዝኛ ግን ለየጉዳዩ ሌላ ቃል ይመድባል፤ ከሰው ሲስማሙ «ዊዝ»፣ በጉዳይ ሲስማሙ «ኦን»፣ የቀረበልዎትን ሲቀበሉ «ቱ»። ተማሪው ይህን ሸምድዶ ሲጨርስ፣ እንግሊዞቹ ራሳቸው በዋጋ ሲስማሙ መስተዋድዱን ጥለው «ዊ አግሪድ ኤ ፕራይስ» ብለው ያልፋሉ።

ነገሩ እዚህ ላይ ሊቆም ይችል ነበር። ዳሩ ግን የሕዳሴ ግድብ ያለበት ጉባ የሚገኘው አሶሳ ባለችበት በዚሁ ክልል ነው፤ ጉባ ደግሞ በመስማማት ሰበብ ብዙ ቀለም የፈሰሰበት ወረዳ ነው።

በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዙ ተወካይ ሃሪንግተን አዲስ አበባ ላይ ውል ተፈራረሙ። በሦስተኛው አንቀጽ ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥታት ጋር ሳይስማሙ፣ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ የውኃውን ፍሰት የሚገታ ሥራ ላለመሥራት ቃል ገቡ። እንግሊዝኛው የሚለው «አክሮስ» ነው፤ ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ማለት። ወንዝስ እሺ። ጣናን የሚያህል ሐይቅ «አክሮስ» የሚገደበው እንዴት እንደሆነ ግን ጸሐፊው እስከ ዛሬ አልገባውም። ካይሮ ይህን አንቀጽ «ያለ ፈቃድ አትገንቡ» ብላ ስታነበው፣ አዲስ አበባ «ጨርሶ አትግቱ ነው የሚለው» ስትል ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ።

የግድቡ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጣለ። በአራተኛው ዓመት፣ መጋቢት 14 ቀን 2007፣ የኢትዮጵያው ኃይለማርያም ደሳለኝ፣ የግብፁ አልሲሲና የሱዳኑ አልበሽር ካርቱም ላይ የመርሆዎች መግለጫ ፈረሙ። አምስተኛው መርህ ሦስቱ አገሮች በመጀመሪያው ሙሊት ደንቦች «አግሪ ኦን» ያደርጋሉ ይላል፤ ያውም ከግንባታው ጋር «ኢን ፓራለል ዊዝ»፣ ጎን ለጎን። ካይሮ «አግሪ ኦን» የሚለውን ይዛ «ሳንስማማ ጠብታ አይያዝም» አለች። አዲስ አበባ «ኢን ፓራለል ዊዝ» የሚለውን ይዛ «ሙሊቱ የግንባታው አካል ነው» አለች። በ2012 ዓ.ም. የአሜሪካ ግምጃ ቤትና የዓለም ባንክ ዋሽንግተን ላይ ጣልቃ ገብተው ረቂቅ ተዘጋጀ፤ ግብፅ ፊርማዋን በአጭሩ አኖረች፤ ኢትዮጵያ ከመጨረሻው ዙር ቀረች። በሰዋስው ዓይን ሲታይ፣ «አግሪ ኦን» ለማለት የሄደ ሰው «አግሪ ቱ» በል ተብሎ እንቢ አለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ውኃው መያዝ ጀመረ።

ጸሐፊውን ከልቡ የሚያናድደው እዚህ ላይ ነው። በአሥረኛው መርህ ላይ ተዋዋዮቹ ካልተስማሙ «ሪኩዌስት ፎር» ማድረግ ይችላሉ የሚል አለ። ይህ ግስ «ፎር» አይፈልግም፤ የትኛውም የሁለተኛ ደረጃ መምህር በቀይ እስክርቢቶ የሚከብበው ነው። የጉባ ልጅ በጉምዝኛ አፉን ይፈታል፣ አማርኛ ይጨምራል፣ ገበያ ሲወጣ ዓረብኛ ይሰማል፤ ክፍሉ ከፍ ሲል ሒሳቡንም ፊዚክሱንም በእንግሊዝኛ ይማራል። ይህ ልጅ «አግሪ ባይ» ሲል ነጥብ ይቀነስበታል፤ አዳራሽ ውስጥ ከተናገረው ደግሞ ከኋላ ወንበር ሳቅ ይሰማል። በሦስት መሪዎች ፊርማ ሥር ባለው «ፎር» የሳቀ የለም። የባሰውም አለ። በዚያ ሰነድ የሚስማሙት መንግሥታት ናቸው፤ ውኃው ከሚተኛበት መሬት የተነሡት የጉምዝ ቤተሰቦች ከየትኛውም መስተዋድድ በፊትም ሆነ በኋላ አልተጠሩም። የሚስቅ ሰው ካለ በዚህ ይሳቅ!

ለነገሩ ግድቡ ሳይስማሙም አለቀ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው ሐይቅም ንጋት ተባለ። አሁን ጸሐፊውን የያዘው ሌላ ነው። አማርኛው ራሱ «ጉባ ላይ የተሠራው ግድብ» ይላል። ለምን «ላይ»? ጉባ ሙቀቱ የሚያቃጥል ቆላ ነው፤ ከደጋ የሚሄድ ሰው ወደዚያ «ይወርዳል»፤ ወርዶ ሲያበቃ «ጉባ ላይ ነኝ» ይላል። የጉባ ከተማ በሆነችው ማንኩሽ ተወልዶ ያደገ ሰው ቢጠየቅ ምናልባት «እዚህ» ብቻ ይል ይሆናል። «እዚህ» በእንግሊዝኛ «ሂር» ነው፤ መስተዋድድ አያሻውም። ወርክሾፕ ላይ ግን «ኢን ሂር» የሚልም አለ፤ እሱም ቢሆን ቤት ውስጥ ከሆኑ ትክክል ነው ይባላል። ታዲያ ከ13ቱ ተርባይኖች አንዱ አጠገብ፣ ኃይል ማመንጫው ሆድ ዕቃ ውስጥ የቆመ መሐንዲስ ስልክ ቢደወልለት የትኛውን ይላል?